ጆሮ በላፕቶፑ የቀና ጊዜ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። እናታችን ያወጣችለትን ስም ከእኔና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውስ የለም። የጋራዡ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እንኳ «ጆሮ ጋራዥ» ነው የሚለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ለዚያ ሁሉ ጭንቅላት እንዲያውም ታንሳለች። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። የታመመች መኪና ስትመጣለት ኮፈኗን ያስከፍታል፣ ሞተሯን ያስነሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዘመም ያደርግና «ሁለተኛዋ ካንዴላ ናት» ይላል። ካንዴላዋ ስትወጣ ጥላሸት ለብሳ ትገኛለች። ባለመኪናው አፉን ይዞ ይቀራል። ወንድሜ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ያቺ ፊት ማዞር የኩራት ናት። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እኔን አይሸውደኝም።

እኔ ከጋራዡ አጥር ጋር በተያያዘችው ክፍል መለዋወጫ እሸጣለሁ። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ አምፖል፣ ከዚህ ወዲያ ደንበኛ የሚጠይቀኝን ሁሉ «ነገ ይመጣል» እላለሁ። የሱቄ የኋላ መስኮት ወደ ጋራዡ ግቢ ነው የሚከፈተው፤ የወንድሜ ቤትም እዚያው ግቢ ነው፣ ስለዚህ እዚያ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ። ወሬ አሳዳጅ ናት የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ወሬው ራሱ መጥቶ መስኮቴ ሥር ሲቆም ዓይኔን ልጨፍን እንዴ?

ሚስቱ ነርስ ናት። ሰፈሩም እኛም «ሲስተር» እንላታለን። ሆስፒታል ውስጥ አይደለም የምትሠራው፤ ከአልጋ መነሳት ላቃታቸው ሕመምተኞች ቤት ለቤት እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ የተሰላቹ ዘመዶቻቸውን ትቆጣለች። ከወንድሜ ጋር የተዋወቁት በአባቷ አሮጌ መኪና ምክንያት ነው። መንገድ ላይ ቆማባት ሰዎች እየገፉላት ጋራዡ ድረስ አመጣቻት። ሰማላት፣ ሠራላት። በሳምንቱ ደግማ መጣች፣ ከዚያም ደግማ። በኋላ በኋላ መኪናዋ ምንም ሳትሆን ነበር የምትመጣው። ጤነኛ መኪና ይዛ «እስቲ ስማልኝ፣ አንድ ነገር ይጮሃል» ስትለው በመስኮቴ አይቼ ሳቄን ዋጥኩ። ለሠርጉ ምን እንደምለብስ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ይህን የማነሳው ለጨዋታ ማሟያ አይደለም። ወንድሜን በኋላ ያቃጠለው ይኸው ነው። ሴት ወደ ጋራዥ ስትመላለስ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ ወንድ አልነበረም።

የአባቷ መኪና አርጅታ ጭራሽ ስትቆም ሲስተር የራሷን ገዛች። ወንድሜ «ካርቦራቶር ያላት፣ እጄ የሚገባባት መኪና ልፈልግልሽ» ብሎ ለምኗት ነበር። እሷ ግን ሁሉ ነገሯ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ካምቢዮዋ ራሱን የሚቀይር፣ ብርማ ቀለም ያላት ትንሽ መኪና ይዛ ከተፍ አለች። ኮፈኗ ሲከፈት የሚታየው ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ነው። ወንድሜ ያንን ክዳን ሲያይ ሰው ቤት ሄዶ በሩ እንደተዘጋበት እንግዳ ቆሞ ቀረ።

መኪናዋ ቆንጆ ናት፣ ግን አመል ነበረባት። ከቆመችበት ለማስነሳት ነዳጅ ሲረገጥ መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ድንገት ተስፈንጥራ ትወጣለች። ዳገት ላይ ትንተፋተፋለች። ቀይ መብራት ላይ ቆማ ስትጠብቅ ደግሞ ሞተሯ እየደከመ እየደከመ ይሄድና ልትጠፋ ነው ሲባል ይመለሳል። ሲስተር «ስረግጣት ታስብበታለች» ትል ነበር።

ጆሮ ሰማት። ቀኑን ሙሉ ሰማት። ከእኔ ሱቅ አዲስ ካንዴላ ወስዶ ቀየረላት፣ ፊልትሮዋን ቀየረ፣ የነዳጅ መስመሯን አጠበ። ሲስተር አጠገቡ ቆማ «ጠዋት ጠዋት ይብሳታል፤ ደግሞ ቀስ ብዬ ስረግጥ ነው እንጂ ጠንከር ካልኩ…» ስትል «ዝም በይ እስቲ፣ ልስማበት!» ይላታል። ዝም ትላለች። ሞተሩ ንጹሕ ድምፅ ነው የሚያሰማው፣ አንዳች እንከን የለውም። በመጨረሻ ላቡን ጠረገና «መኪናዋ ምንም አልሆነችም። አነዳድሽ ነው» አላት። ሴትዮዋ እኮ ከእሱ ጋር ሳትተዋወቅ ጀምሮ ነው የምትነዳው! ፊቷ ጠቆረ። በማግስቱ መኪናዋን ይዛ፣ የሸጠላት አስመጪ ድርጅት ወዳለው ጋራዥ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ነው የጮኸችው።

«እትዬ! ሶፍትዌሯ ነው! ሞተሯን የሚያዝዘው ፕሮግራም ሲሠራ ጀምሮ ስህተት ነበረበት አሉ። አዲስ ወጥቶለታል፤ ላፕቶፕ ሰክቶ ጫነላት፣ አለቀ! ነይ ግቢ እስቲ፣ ላዙርሽ!»

ሱቄን ገርበብ አድርጌ ገባሁ። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርን። እውነቱን ለመናገር ሌላ መኪና ሆናለች። ስትነሳም ማርሽ ስትቀይርም አይታወቅም። ስንመለስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ማነው የሰካው?» አለ።

«ምኑን?»

«ላፕቶፑን ነዋ!»

«ባለሙያው። ጎበዝ ሰው ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው በወንድሜ አፍ «ላፕቶፑ» ሆኖ ቀረ።

ሲስተርን የገረማት ግን ላፕቶፑ አልነበረም፣ ጥያቄው ነው። ሰውየው ይጠይቃል። ቀስ ስትረግጪ ነው ወይስ ጠንከር ስትዪ? ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? እግርሽ ላይ ይሰማሻል ወይስ ወንበሩ ላይ? ጠይቆም መልሷን እስክትጨርስ ይጠብቃል። እራት ከእነሱ ጋር ነው የምበላው፤ ይህን ስታወራ ዓይኗ ይበራል። መኪናዋ እንዴት ታቅማማ እንደነበር ወንበሯ ላይ ሆና ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች ታሳየናለች፣ እኔ በሳቅ እሞታለሁ፣ ወንድሜ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ይጎርሳል።

«ሁሉንም ደንበኛ ነው እንዲህ የሚጠይቀው?» አላት አንድ ቀን።

«እኔ እንጃ። እኔን ጠየቀኝ።»

ያቺ «እኔን» አልተዋጠችለትም። ውኃ ጠጥቶ ተነሳ።

ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ደወለላት። ጋራዡ ለደንበኞቹ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ከሥራው በኋላ ደውሎ ይጠይቃል። ሲስተር ስልኳን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ስለምታወራ ወንድሜ ሁሉንም ሰማ። ወዲያው ሱቄ ድረስ መጣ፣ ፊቱ ቀልቷል።

«እታለም፣ አንቺ አላት!»

«ማን?»

«ላፕቶፑ! ‹እንዴት አደርሽ ሲስተር፣ እንዴት ሆነችልሽ› አላት። እርስዎ አይልም እንዴ? ያገባች ሴት፣ የተከበረች ነርስ!»

«አንተስ ደንበኞችህን አንቺ አይደል የምትለው?»

«እኔ አንቺ ያልኳትን አግብቻታለሁ!»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እሱ ግን አልሳቀም። ቅናት እንደያዘው ያኔ በደንብ ገባኝ፤ በዋዛ የሚለቅ እንዳልሆነም ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ነገረ ሥራው ሁሉ ተለወጠ። በየቀኑ መላጨት ጀመረ። ሽቶ ገዛ፤ ሽቶው ከነዳጁ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሱቄ ድረስ ይመጣና ያስነጥሰኛል። የደንበኞቹ መኪና አስመጪው ጋራዥ ገብታ ታውቅ እንደሆነ ይጠይቃል፣ «እዚያ አንድ ላፕቶፕ ይዞ የሚንጎራደድ አለ አሉ፣ መልኩ እንዴት ያለ ነው?» ይላል። አንዱ «መልኩን ምን አውቄ፣ መኪናዬን ነው የሠራልኝ» ሲለው ብግን ብሎ ጨርቁን ወረወረ።

እሑድ ሱቄ ዝግ ነው። በዚያ ግቢ ከሚሆነው ሁሉ ያላየሁት ነገር ቢኖር የእሑዱን ነው፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ እሱ ራሱ ሲናገር ነው። ወንድሜ ከድሮ ጀምሮ እሑድ እሑድ የቤቱን መኪና ባትሪ ማጽዳት ይወዳል። ገመዱን ይነቅላል፣ ጫፉ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውኃ ያጥባል፣ ግራሶ ይቀባል፣ መልሶ ያስራል። የአባቷን መኪና እንዲህ ሲያደርግ ነው የኖረው። ያን እሑድም እጁ ለምዶ ይህንኑ አደረገ፣ ምንም ክፋት አላሰበም።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ የድሮ አመሏን ይዛ ተነሳች። ሲስተር ነዳጅ ስትረግጥ ዝም፣ ከዚያ ዝላይ። ይህን በመስኮቴ አየሁ። ወንድሜ ጨርቁን ይዞ ቆሟል፣ ካገባ ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ምነው? ላፕቶፑ አልያዘልሽም እንዴ?» አላት።

ተመልሳ ወደ አስመጪው ጋራዥ ሄደች። ማታ እራት ላይ ሰውየው ያላትን ነገረችን። አዲሱን ፕሮግራም ሲጭን በላፕቶፑ መነሻ ሰጥቶታል፤ ከዚያ ወዲያ የነጂዋን የእግር አረጋገጥ እየተማረ ነው የሚስተካከለው። ለጥቂት ሳምንታት ራሷ ብቻ ትንዳት፣ ባትሪዋም አይነቀል። ባትሪዋ ከተነቀለ መነሻውም የተማረችውም ሁሉ ይጠፋባታል፣ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

«ባትሪዋን ነክተሃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ? ያንን የፕላስቲክ ክዳን? ያንቺን መኪና አልነካም ብዬ ትቼልሽ የለም እንዴ!»

አፉን ሞልቶ ነው የዋሸው። እሷም አመነችው፤ ባሏ ነው፣ ለምን አታምነው?

የሚቀጥለው እሑድ እያወቀ ነቀለው። ከዚያ በኋላ ያለውንም እንዲሁ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ላፕቶፑ እንደማይችል ሲስተር በዓይኗ እንድታይና ተስፋ ቆርጣ ወደ እሱ እንድትመለስ። ግን መኪናዋ በታመመች ቁጥር የምትሄደው ወደ ሰውየው ነው! ገመዱን በነቀለ በማግስቱ ሚስቱ ፊቷን ታጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ወደ አስመጪው ጋራዥ ስትነዳ ያያል። ራሱ ይልካታል፣ ራሱ እርር ድብን ይላል። «አሁንም ሄደች፣ አየሽ? አሁንም እዚያ ሄደች!» እያለ ሱቄ ውስጥ ሲንቆራጠጥ እኔ ምኑን አውቄ «መኪናዋ ተበላሽታባት ነው እንጂ ምን ልታደርግ ትሄዳለች» እለው ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይወጣል።

አንድ ቀን ሲስተር ሱቄ መጥታ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ከፍቷታል።

«እትዬ፣ ያን ሰውዬ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ፊቱን አዞረብኝ። እርስዎ ይለኛል። ዛሬማ ጭራሽ ለሌላ ባለሙያ ሰጠኝ፤ ያኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ላፕቶፑን ሰክቶ ነቀለ፣ ‹ጨርሰናል› አለኝ።»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«አይደለም። አለቃው ሰው ፊት ተቆጣው፣ ‹ያቺ መኪና ለምንድነው በየሳምንቱ የምትመለሰው› ብሎ። በእኔ ምክንያት ተሰደበ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ስገባ እየሳቀች ‹መጡ?› ትለኛለች። ምን ያስቃታል?»

ሻይ ሰጠኋት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሲስተር የምትረዳቸው አንድ አዛውንት ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ዘንድ ለመድረስ መብራት የሌለውን ማቋረጫ ማለፍ ግድ ነው። ከግራ የሚመጣው የጭነት መኪና ገና ሩቅ ነበር፣ የምታልፍበት ጊዜ ነበራት። ረገጠች። መኪናዋ ትንሽ ወጣ ብላ መሐል መንገድ ላይ ዝም አለች። ደግማ ረገጠች። ዝም። የጭነቱ ነጂ መሪውን ጠመዘዘና የኋላ መከላከያዋን ገንጥሎት አለፈ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ በእሷ በኩል ባለው በር ነበር የሚገባው።

መከላከያው እየተጎተተ ግቢ ስትገባ ሁላችንም ሮጥን። መኪናዋን አቆመች፣ ግን አልወረደችም። እጇ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ በሩን ከፍቼ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ።

«ልሞት ነበር» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «ረገጥኳት፣ አልሄደችም። ልሞት ነበር።»

ወንድሜ በሌላው በር በኩል ቆሞ ነበር። ፊቱን ሳየው የእሱ ከእሷ ብሷል፤ ኮፈኗን ተደግፏል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ማንም አልገባውም።

«ባትሪዋን የምነቅለው እኔ ነኝ። በየእሑዱ። እንዳትሠራ ብዬ ነው።»

ሲስተር ዞራ አየችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ትመታዋለች ብዬም ተመኘሁ። እሷ ወርዳ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ያን ሰውዬ በእኔ ምክንያት ሰድበውታል፤ ለእኔ የነገርከኝን ለእሱ ትነግረዋለህ» አለችው። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ትመጪያለሽ እትዬ። ያሳደግሽው አንቺ ነሽ።»

ሄድን። ወንድሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፣ ፊት አላስቀመጠችውም። ጋራዡን ሳይ እኔም ቀናሁ፣ አልዋሽም። ወለሉ እንደ ሳሎን ያበራል፣ መለዋወጫው ሁሉ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ነው፣ የዘይት ጠብታ የለም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ለስላሳ ወንበር አለ። የእኔ በርጩማ አንድ እግሯ ያጠረች ናት።

ላፕቶፑ መጣ። ወንድሜ በሐሳቡ በሽቶ የራሰ ጎረምሳ አድርጎ ነበር የሳለው። የመጣው ግን ጉንፋን የያዘው፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ፣ በዕድሜ ከወንድሜ ትንሽ ቀደም የሚል ቀጭን ሰው ነው። አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ ጨበጠን።

ወንድሜ ተናገረ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል፣ እሑዱንም ገመዱንም ውሸቱንም። አንድ ነገር ብቻ አስቀረ፤ ለምን እንዳደረገው።

ሰውየው ሰምቶ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ገመዱ እንደሚነቀልማ ገብቶኝ ነበር» አለ። «በመጣች ቁጥር የተማረችው ሁሉ ጠፍቶ ነው የማገኛት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች ሲስተር።

ሰውየው መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ገብቶህ ከነበረ ለምን አልነገርከኝም? ባሌን ደግሜ እጠይቀው አልነበር?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«እርስዎ የሚነቅሉት መስሎኝ ነው» አለ።

«እኔ? ለምን ብዬ?»

የሰውየው ጆሮ ቀላ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ መጻፏን አቁማ አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለትዳር ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ። ሰው እንዲህ ሲመላለስ… ባልደረቦቼም ማሾፍ ጀምረው ነበር። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ይያዛቸው ብዬ አለቃዬን የጠየቅኩት።»

ሲስተር ክው አለች። የልጅቷ ሳቅ፣ «መጡ?» የሚለው፣ «እርስዎ» ማለቱ፣ ፊት ማዞሩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባት አየሁት። ሰው ቤት ገብታ ራቁት ገላ የምታጥብ ሴት ናት፣ ሐፍረት ብዙ አይነካትም። ያን ቀን ግን አንገቷ ድረስ ቀላች። እነዚያ ሁሉ ሰዎች በዚያ በሚያበራ ወለል ላይ ስትገባ ስትወጣ ስንት ሳምንት ሲስቁባት ኖረዋል። እሷ ደግሞ ስለ መኪናዋ እያወራች መስሏት ነበር።

ወንድሜን አየሁት። እናቴ ትሙት፣ ደስ ብሎታል! ሰውየው ባለትዳር ነው፣ ሰውየው አልፈለጋትም፤ ይህ ብቻ ነው የገባው። ትከሻው ቀለል ሲል፣ ከንፈሩ ዳር ላይ አንዲት ነገር ብልጭ ስትል አየሁ። እዚያው በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ። ከዚያ የሚስቱን ፊት አየና ያቺ ደስታ ፊቱ ላይ ሞተች።

«አመሰግናለሁ» አለች ሲስተር ለሰውየው። «ስለተሰደብክብኝ ይቅርታ።» ቁልፏን ያዘች፣ በመስታወቱ በር ወጣች፣ መኪናዋን አስነሳች። መኪናዋ እያቅማማች፣ እየተንተፋተፈች ከበሩ ወጣች። እኔና ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቀረን።

ወደ ቤት በእግራችን ነበር። መንገዱን አጋምሰን ስንሄድ ወንድሜ ቀስ ብሎ «እታለም፣ ባለትዳር ነኝ አለ አይደል?» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት።

መከላከያዋ ተሠራ፤ ሌላ ጋራዥ ነው ያሠራችው። ሲስተር ለጥቂት ሳምንታት ራሷ ብቻ ነዳቻት፣ ባትሪዋን የነካ የለም፤ መኪናዋ እግሯን ተማረችና አሁን ያለ አንዳች ችግር ትነሳለች። አዛውንቱ ዘንድም በዚያው ማቋረጫ ትሄዳለች። ወንድሜን ከቤት አላስወጣችውም፣ አልተጣላችውም፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ስትወጣ ደህና ዋል ትለዋለች። ሰው ቢያያቸው የተበላሸ ነገር አለ አይልም። ላፕቶፑ ያለበትን ጋራዥ ግን ዳግም አልረገጠችውም፤ ጥገናዋን በከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ ቅርንጫፍ አዛወረች።

ባለፈው ሰሞን ሌላ አፕዴት ወጥቷል የሚል መልእክት ደረሳትና ወሰደቻት። ማታ እራት ላይ ሦስታችን ተቀምጠናል። ወንድሜ ሲያመነታ፣ ሲያመነታ ቆይቶ ጠየቃት።

«የዚያኛው ቅርንጫፍ ባለሙያ እንዴት ያለ ነው?»

«አላየሁትም።»

«እንዴት አላየሽውም? አልሠራልሽም እንዴ?»

«ቁልፉን በመስኮት እሰጣለሁ። ሲጨርሱ በመስኮት ይመልሱልኛል።»

ወንድሜ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«ምን ሆነች ብለው አይጠይቁሽም?»

«ይጠይቃሉ። ምንም አልሆነችም እላቸዋለሁ።»

«እስኪጨርሱስ የት ትሆኛለሽ? ውስጥ ወንበር የለም?»

«አለ። ውጭ ነው የምቆመው፣ ከአጥሩ ጋ።»

«ውጭ እኮ ፀሐይ ነው» አላት።

«አዎ፣ ፀሐይ ነው» አለችና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።